ሮበርት ኮኽና ወባን የለመዱ ሰዎች

ሮበርት ኮኽ ሲነሣ በአብዛኛው አንባቢ ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የኖቤል ሽልማት ያሰጠውና ስሙን በየትምህርት ቤቱ ያስጠራው ይኸው ግኝት ነውና። ይሁን እንጂ ሰውየው ዕድሜው ከዐምሳ ካለፈ በኋላ ረጅም ጊዜውን ያሳለፈው በበርሊን ቤተ ሙከራ ሳይሆን በአፍሪካና በእስያ፣ በመርከብ፣ በድንኳንና በገጠር ሆስፒታል መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በዚያ ዘመን ካጠናቸው በሽታዎች ብዙዎቹ፣ ወባ፣ የእንቅልፍ በሽታና የከብት ትኩሳት፣ በደም ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተሐዋስያን የሚያስከትሏቸው ነበሩ። የሰው ሰውነት እንዲህ ያለውን ተሐዋሲ የመቋቋም ኀይል ሊያገኝ ይችላልን? የሚያገኝ ከሆነስ በስንት ጊዜና በምን ዋጋ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቍጥር የተደገፈ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ኮኽ ነው። መልሱን ወደ መድኀኒት ለመለወጥ በቸኮለ ቍጥር ደግሞ እጅግ የከበደ ስሕተት ላይ የወደቀውም እርሱ ራሱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮኽ የተወለደው ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በሰሜን ጀርመን፣ በሃርዝ ተራሮች መካከል በምትገኝ ክላውስታል በተባለች የማዕድን ቍፋሮ ከተማ ነው። አባቱ የማዕድን ሥራ ሹም ሲሆን አሥራ ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ሮበርት ሦስተኛው ነበር። ትምህርት ቤት ሳይገባ ከጋዜጣ ላይ ፊደል እየለየ ማንበብ እንደ ቻለ ይነገርለታል። በ1862 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ሲማር ከመምህራኑ አንዱ ያኮብ ሄንለ ነበር። ሄንለ ተላላፊ በሽታ የሚተላለፈው ሕይወት ባለው ነገር አማካይነት ነው የሚለውን ሐሳብ፣ ማንም በዐይኑ አይቶ ሊያረጋግጠው ባልቻለበት ጊዜ፣ በ1840 ጽፎ ያሳተመ ሰው ነው። ኮኽ በ1866 ተመረቀ። የወጣትነት ምኞቱ ሩቅ አገር ማየትና ዓለምን መዞር ነበር፤ ነገር ግን በ1867 ኤሚ ፍራትስን አገባና ኑሮው በትናንሽ የገጠር ከተሞች ተወሰነ። ምኞቱ የተፈጸመለት ብዙ ዘግይቶ ነው።

በ1872 ቮልሽታይን በተባለች፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኝ ከተማ የአውራጃ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በአካባቢው በጎችንና ከብቶችን የሚፈጀው አባ ሰንጋ ነበር። ኮኽ በሽተኞቹን ከሚመረምርበት ክፍል ከፊሉን በመጋረጃ ከልሎ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ አስቀምጦ፣ በበሽታው የሞቱትን እንስሳት ደም በቀጭን የእንጨት ስንጥር እየነከረ ወደ አይጦች ያስተላልፍ ጀመር። አይጦቹ ሞቱ፤ በደማቸውም ውስጥ ያው በትር መሰል ተሐዋሲ ታየ። ከዚህ ይበልጥ የሚደነቀው ግን ተሐዋሲው ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ዘር እንደሚሠራና ይኸው ዘር በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቈይ እንደሚችል ማሳየቱ ነው። በየአገሩ እረኞች እርግማን አለበት ብለው የሚሸሹት መስክ ምስጢሩ በዚህ ተፈታ። ኮኽ በ1876 ወደ ብሬስላው ሄዶ ሥራውን ለዕፅዋት ሊቁ ለፈርዲናንድ ኮን ባሳየ ጊዜ፣ ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሊቃውንት መነጋገሪያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በ1880 በርሊን ወደሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ማርች 24 ቀን 1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ፤ በ1883 እና በ1884 በግብፅና በሕንድ የኮሌራን ተሐዋሲ አጠና፤ በ1885 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጤና ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1890 የደረሰበት ነገር ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሠራው ሁሉ ላይ ጥላውን የጣለ ነውና። በዚያ ዓመት ኦገስት ወር በርሊን ላይ በተደረገው 10ኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚገታ ነገር ማግኘቱን ገለጸ። ቱበርኩሊን የተባለው ይህ ነገር ከምን እንደ ተሠራ ግን በምስጢር ያዘ። ወሬው እንደ ተሰማ ከአውሮፓ ማዕዘናት በሽተኞች ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ሐኪሞችም ተከተሏቸው። ከነዚህም አንዱ የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ደራሲ፣ ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል ሲሆን፣ የነበረውን ጥርጣሬ ያኔውኑ በጽሑፍ አሳተመ። ኮኽ መድኀኒቱን አስቀድሞ በገዛ ሰውነቱ ላይ ሞክሮ በብርቱ ትኩሳት ተንቀጥቅጦ ነበር። ብዙም ሳይቈይ በቱበርኩሊን ከታከሙት መካከል የሚሞቱ በረከቱ። ታላቁ የሥነ ደዌ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ አስከሬኖችን መርምሮ፣ መድኀኒቱ በሽታውን በመግታት ፈንታ በሰውነት ውስጥ እንዲሰራጭ የሚረዳበት ጊዜ መኖሩን አሳየ። በጃንዋሪ 1891 ምስጢሩ ሲገለጥ ቱበርኩሊን ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በግሊሰሪን የተወሰደ ጭማቂ ሆኖ ተገኘ። ለፈውስ የማይረባው ይህ ጭማቂ ኋላ በ1907 ከቆዳ ላይ ተሞክሮ ለበሽታው መመርመሪያ መሆኑ፣ እስካሁንም በዚሁ ሙያ ማገልገሉ የታወቀ ነው፤ በ1891 ግን ይህን ያወቀ አልነበረም። ኮኽ አዲስ በተቋቋመለት የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት ኀላፊነቱን ቢይዝም ክብሩ ተነክቶ ነበር። በ1893 ኤሚን ፈትቶ በዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ የምታንሰውን ሄድቪግ ፍራይበርግን ማግባቱ ደግሞ በበርሊን ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ሌላ ሐሜት አስከተለ። ስለዚህ ከሩቅ አገር ጥሪ ሲመጣለት ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማሰብ አላስፈለገውም።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ሲሆን ምክንያቱም የከብት ደስታ በሽታ ነበር። የዚህ በሽታ መንገድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1887 ለጣልያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት እንደሚገመተው ከ90 በመቶ በላይ ጨረሰ፤ በሬ አልቆ እርሻ ጾም ስላደረም ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረኀብ ተከተለ። በሽታው ወደ ደቡብ ሲወርድ ቈይቶ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ ከወንዙ በስተደቡብም ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚገመት ከብት ፈጀ። ኮኽ በዲሴምበር 1896 ኪምበርሊ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1897 በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት በጤነኛው ከብት ቆዳ ሥር ቢወጋ የመቋቋም ኀይል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ዘዴው ጕድለት ነበረበት፤ ሐሞቱን ለማግኘት የታመመ ከብት ያስፈልጋል፤ በሽታውንም ወደ ንጹሕ መንጋ ይዞ የመግባት አደጋ አለው። ቢሆንም ለብዙ መንጋ መትረፊያ ሆኗል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም በሴረም አሻሽለውታል። የዓለም መንግሥታት የከብት ደስታ ከምድር ላይ መጥፋቱን በ2011 ሲያውጁ ከዚህ የኪምበርሊ ሥራ 114 ዓመት አልፎ ነበር። የደስታ በሽታ መንሥኤ ግን ቫይረስ ነው፤ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ከብት ዳግመኛ አይያዝም። ኮኽ ቀጥሎ የገጠመው ተሐዋሲ ይህን ሕግ የሚያከብር አልነበረም።

ከኪምበርሊ ወደ ሕንድ፣ ከሕንድም በወቅቱ የጀርመን ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ዳሬሰላም ተሻግሮ እስከ 1898 ወባን አጠና። የወባ ተሐዋሲ በላቬራን እጅ በአልጄሪያ ከተገኘ ከ1880 ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በትንኝ አማካይነት መተላለፉን ደግሞ ሮናልድ ሮስ በሕንድ፣ ግራሲ በኢጣልያ በማረጋገጥ ላይ ነበሩ። ኮኽ በኡሳምባራ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚይዛቸውን ትኩሳትና በቆላው የምትናደፈውን ትንኝ በአንድ ስም፣ ምቡ ብለው እንደሚጠሩ መዘገበ። ከደጋ ወደ ቆላ ለንግድ ወይም ለአዝመራ የወረደ ሰው በንዳድ ተይዞ መመለሱን ከአያቶቹ ሲሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮኽን ያሳሰበው ግን ሌላው ወገን ነው፤ የቆላው ነዋሪ ራሱ ስለ ምን አይታመምም? በጊዜው የነበረው የአውሮፓውያን መልስ አጭር ነበር፤ ጥቍር ሰው በዘሩ ወባ አይዘውም የሚል። የተራራው ሰው ግን ጥቍር ሆኖ ሳለ ይታመም ነበር።

ኮኽ በኢጣልያ ሁለት ጊዜ ቈይቶ በ1899 ከሄድቪግ ጋር ወደ ጃቫ ተጓዘ። በዚያ ለማመሳከሪያ የሚሆኑ ሁለት ቦታዎችን መረጠ፤ አምባራዋ ወባ ዓመቱን ሙሉ የሚበዛበት፣ ሱካቡሚ ደግሞ የሚያንስበት ነበር። ከዚያም ወደ ኒው ጊኒ ተሻግሮ በጀርመኖች ቅኝ ግዛት ሽቴፋንስኦርት በተባለው የእርሻ ጣቢያ ሰፈረ፤ እስከ 1900 አጋማሽም በዚያ ሠራ።

የሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች የሚመረምሩት ታሞ ወደ ሆስፒታል የመጣውን ነበር። ኮኽ በአንጻሩ ወደ መንደር ሄዶ ያልታመመውን ሰው መረመረ። እንደ ቦጋጂም ባሉ መንደሮች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ከየሰዉ ጠብታ ደም እየወሰደ፣ በመስታወት ላይ እየቀባ፣ ቀለም እያጠጣ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ፤ ያየውንም በዕድሜ ከፋፍሎ ቈጠረ። የጣፊያን ማበጥ በእጅ ዳስሶ መፍረድ የተለመደ ነበር፤ እርሱ ግን ከጣፊያ ይልቅ የሕፃናትን ደም አመነ። ወባ በሚበዛበት መንደር ተሐዋሲው በብዛት የተገኘው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ደም ውስጥ ነው። ዕድሜ ከፍ ባለ ቍጥር የሚገኝባቸው እያነሱ ሄዱ፤ በጐልማሶቹ ደም ውስጥ ፈጽሞ አልታየም ማለት ይቻላል። በሱካቡሚ እንዲህ ያለ ልዩነት አልነበረም፤ ወባ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣበት ስለ ሆነ ሽማግሌውም እንደ ሕፃኑ የተጋለጠ ነበር። ለእርሻ ሥራ ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ደግሞ፣ የቆዳቸው ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ እንደ ደረሱ ይታመማሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተረፉት ይጠነክራሉ።

ከዚህ የተነሣ ኮኽ በተከታታይ ሪፖርቶቹ ያሰፈረው መደምደሚያ፣ ወባን የመቋቋም ኀይል ከዘር የሚወረስ ሳይሆን በሕይወት ዘመን የሚገኝ መሆኑን፣ የሚገኘውም በአንድ ሕመም ሳይሆን ለዓመታት ባልተቋረጠ ጥቃት መሆኑን የሚገልጽ ነው። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ስለ ሆነ ተራ ነገር ይመስላል። በ1900 ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ አፍርሷል። የዘርን ተረት አፈረሰ፤ ጤነኛ መስሎ የሚሮጠው ሕፃን የበሽታው ዋና ጐተራ መሆኑንም አሳየ። የኮኽ ቍጥሮች የማያሳዩት ሌላ ነገርም አለ። የቈጠረው በሕይወት ያሉትን ነው። ጐልማሳ ሆነው ደማቸው ንጹሕ የተገኘው ሰዎች ወንድሞችና እህቶች፣ ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ጡት ሳይጥሉ የሞቱት፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። የመንደሩ የመቋቋም ኀይል የተገዛው በእነርሱ ነው። ደሙን የሰጠው ሕዝብ ስለ ምን እንደሚወሰድበት ይጠየቅ ወይም ይነገረው እንደ ነበረም ከሪፖርቶቹ አይነበብም፤ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራ ሥራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እንዲህ ያለ የመቋቋም ኀይል በተፈጥሮ ካለ በሰው ሠራሽ መንገድ ስለ ምን አይገኝም የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ አይቀሬ ነበር። ኮኽ ግን በወባ ረገድ ወደ ክትባት አልሄደም። የሚሄድበትም መንገድ አልነበረውም። ተሐዋሲውን ከሰው ሰውነት ውጭ ማርባት አልተቻለም፤ ይህ የተቻለው በ1976 ነው። በጃቫ በዝንጀሮ መሰል እንስሳት ላይ ያደረገው ሙከራም ሳይሳካ ቀረ። ስለዚህ ወደ ኪኒን ተመለሰ። ዛሬ በአማርኛ ማንኛውም እንክብል ኪኒን ይባላል እንጂ ቃሉ በመሠረቱ የዚህ የወባ መድኀኒት ስም ነው። በሽቴፋንስኦርት ነዋሪውን ሁሉ መርምሮ ተሐዋሲው ለተገኘበት ሁሉ፣ ቢያመውም ባያመውም፣ ኪኒን ሰጠ፤ ዓላማውም ትንኟ የምትቀዳው ምንጭ እንዲደርቅ ነው። ሮስ ትንኟን ግደሉ ሲል ኮኽ በሰው ደም ያለውን ተሐዋሲ አጥፉ ይል ነበር። በአድርያቲክ ባሕር በሚገኙት በብሪዮኒ ደሴቶች እርሱና ረዳቶቹ ከ1900 እስከ 1902 በዚህ ዘዴ ወባን አጥፍተዋል። ብሪዮኒ ግን በባሕር የተከበበች፣ ነዋሪዋም በቍጥር የሚታወቅ ነው፤ በሰፊው የአፍሪካ ምድር ዘዴው በዚያው ልክ አልሠራም።

የኒው ጊኒው ምልከታ ፍሬ ያፈራው ከኮኽ ሞት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1961 ኮኸን፣ ማክግሬጎርና ካሪንግተን በጋምቢያ ከጐልማሶች ደም የተወሰደ ጋማ ግሎቡሊን በወባ ለታመሙ ሕፃናት ሰጥተው ተሐዋሲው ከሕፃናቱ ደም ሲቀንስ አዩ፤ የጐልማሳው ጋሻ ቢያንስ በከፊል በደሙ ፈሳሽ ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ። ያ ጋሻ ከወባማው አገር ርቆ ለኖረ ሰው እየሳሳ እንደሚሄድም በኋላ ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2021 አርቲኤስኤስ የተባለውን፣ በኦክቶበር 2023 ደግሞ አር 21 የተባለውን የወባ ክትባት ለሕፃናት እንዲሰጡ መክሯል። ሁለቱም የሚያነጣጥሩት ትንኟ በምትተክለው፣ ገና ወደ ደም ሕዋሳት ባልገባው ተሐዋሲ ላይ ነው። ሁለቱም ለብዙ ሕፃናት ሕይወት መትረፊያ ይሁኑ እንጂ ወባን ፈጽሞ አይከለክሉም፤ በተደጋጋሚም መሰጠት አለባቸው። በተፈጥሮው ከፊልና ዘገምተኛ የሆነን የመቋቋም ኀይል በጥቂት መርፌ ማግኘት ይህን ያህል አስቸግሯል።

የሱካቡሚን ሁኔታ ኢትዮጵያ በ1958፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም.፣ በከባዱ አይታዋለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲበዛ ወባ ወትሮ ወደማይዘልቅበት ከፍ ያለ ቦታ ወጣ፤ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ሕፃንና ጐልማሳ ሳይለይ ያለቀው፣ የሰውየው ደም ተሐዋሲውን ከዚያ በፊት ስላላወቀው ነው። በ1984 እና በ1985 ከደጋ ወደ ቆላ በሠፈራ የሄዱት ሰዎችም የኡሳምባራን ተራሮች ሰዎች ዕጣ ቀምሰዋል።

የኮኽ የመጨረሻው ታላቅ የክትባት ሙከራ በሰው ላይ ሳይሆን በከብት ላይ ነው፤ መጨረሻውም አላማረም። የከብት ደስታ መንጋውን ከጨረሰ በኋላ የደቡብ ሮዴዥያ ሰፋሪዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከብት ገዝተው አስገቡ። ከብቶቹ አዲስ ትኩሳት ይዘው መጡ፤ ከ1901 እስከ 1902 ባለው ጊዜ በሽታው በአገሩ ተሰራጨ። ኮኽ በ1903 ቡላዋዮ ገብቶ እስከ 1904 ቈየ። የበሽታውን ተሐዋሲ ቀድሞ በዳሬሰላም ባየው ጊዜ የሌላ፣ ይኸውም ከአሜሪካ የታወቀው የቴክሳስ ትኩሳት ተሐዋሲ ግልገል መስሎት ነበር፤ ቡላዋዮ ላይ ግን ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ለይቶ የአፍሪካ ጠረፍ ትኩሳት አለው። ቀጥሎም ታሞ የዳነ ከብትን ደም ለጤነኛው ከብት በጊዜ ልዩነት ደጋግሞ በመውጋት የመቋቋም ኀይል መስጠት እንደሚቻል አስታወቀ። ሐሳቡ የኒው ጊኒ ሐሳብ ነው፤ የተደጋገመ ጥቃት ጋሻ ይሠራል ነው ነገሩ። ከብት አርቢዎቹም አምነው አስወጉ።

የተወጉት ከብቶች መዥገር ወደ በዛበት መስክ ሲገቡ እንዳልተወጉት ሞቱ። ምክንያቱን የገለጹት በፕሪቶሪያ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለርና በኬፕ ግዛት የነበረው ቻርልስ ላውንስበሪ ናቸው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቡናማው መዥገር ነው፤ የዳነው ከብት ደም ደግሞ በሽታውን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ለሚወጋው ከብት የሚያስተምረው አንዳች ነገር የለውም። ኮኽ በተወጉት ከብቶች ደም ውስጥ ያየውና የሥራው ፍሬ የመሰለው ሌላ፣ እምብዛም የማይጎዳ ተሐዋሲ እንደ ነበረ ታይለር ኋላ አሳየ። መዥገሩን በመድኀኒት ገንዳ ውስጥ ከብት በማጥለቅ፣ መስኩንም በአጥር በመከለል ታላቅ ውጤት ተገኘ። ተሐዋሲውም በመጨረሻ የተሰየመው በታይለር ስም ነው።

ነገሩን የሚያስቈጨው ግን ኮኽ ቍልፉን በእጁ ይዞት የነበረ መሆኑ ነው። በታመሙት ከብቶች ጣፊያና በዕጢዎቻቸው ውስጥ፣ ቀለም ሲጠጡ ሰማያዊ የሚሆኑ እንግዳ አካላትን አይቶ ገልጿል፤ እስከ ዛሬም የኮኽ ሰማያዊ አካላት ይባላሉ። በሽታው የሚሠራው በእነዚህ ነው። ተሐዋሲው ነጭ የደም ሕዋሳትን ወርሮ እንዲባዙ ያስገድዳቸዋል፤ በቀይ ሕዋሳት ውስጥ የሚታየው ቅርጽ የመጨረሻ ደረጃው እንጂ የሞቱ ምክንያት አይደለም። ኮኽ የሁለቱን ዝምድና አልተከታተለም። የዕድሜው መግፋት ይሁን ወይም ከሚከፍሉት መንግሥታት የመጣው ጥድፊያ፣ ቱበርኩሊንን ያወጀበት ችኮላ እዚህም ይታያል። በ1970ዎቹ በኬንያ ሙጉጋ የእንስሳት ተመራማሪዎች ከመዥገር የተወሰደ ሕያው ተሐዋሲና ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ቴትራሳይክሊን በአንድ ጊዜ በመስጠት ከብቱ ቀለል ብሎ እንዲታመምና ጋሻ እንዲያበጅ የሚያደርግ ዘዴ አገኙ፤ ዘዴውም በምሥራቅ አፍሪካ ሥራ ላይ ውሏል። በአሳብ ደረጃ ከኮኽ ብዙ አልራቁም፤ የተለዩት ከዳነ ከብት ደም በመተው ከመዥገሩ በመነሣታቸው ነው።

ኮኽ በ1905 የኖቤል ሽልማት ከተቀበለ በኋላ በቀጣዩ ዓመት እንደ ገና ወደ አፍሪካ ተመለሰ። የእንቅልፍ በሽታ በቪክቶርያ ሐይቅ ዙሪያ መንደሮችን ባዶ እያስቀረ ነበር። ኮኽ በሴሴ ደሴቶች ሰፍሮ እስከ 1907 ከሺህ በላይ በሽተኞችን አቶክሲል በተባለ አርሴኒክ ያለበት መድኀኒት አከመ። ተሐዋሲው ከደም ሲጠፋ መድኀኒቱ የተሳካ መሰለ። ሲመለስ ግን ኮኽ መጠኑን ከፍ አደረገ፤ ከታካሚዎቹም ከ20 የሚበልጡት ዐይናቸው ጠፋ። በራሳቸው ፈቃድ ተስፋ ሰንቀው በታንኳ የመጡ በሽተኞች ናቸው። ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች በበርሊን ከተደረገው ይልቅ የእነዚህ ነገር በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይነሣም። በሽተኞች ከመንደራቸው ተለይተው በልዩ ሰፈር እንዲጠበቁም መክሯል። የእንቅልፍ በሽታ ተሐዋሲ የውጭ ሽፋኑን በየጊዜው እየለዋወጠ ሰውነት ያዘጋጀውን ጋሻ ከንቱ እንደሚያደርግ የታወቀው ብዙ ቈይቶ ነው፤ ለዚህ በሽታ ዛሬም ክትባት የለም። ረዳቱ ፍሪድሪኽ ክላይነ በ1909 ተሐዋሲው በጸጸ ዝንብ ሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን የዕድገት ዙር አረጋገጠ።

ኮኽ በ1908 አሜሪካንና ጃፓንን ጐብኝቶ በቀድሞ ተማሪው በኪታሳቶ ዘንድ በታላቅ ክብር ተስተናገደ። ወደ መጀመሪያ ጉዳዩ፣ ወደ ሳንባ ነቀርሳም ተመልሶ በኤፕሪል 1910 በበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ስለ በሽታው ስርጭት ጥናት አቀረበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በልብ ሕመም ተያዘ፤ ለማገገም ወደ ባደን ባደን ሄዶ በዚያው ሜይ 27 ቀን 1910 በ66 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በርሊን በሚገኘው ኢንስቲትዩቱ ውስጥ በተሠራ ክፍል ተቀመጠ፤ ኢንስቲትዩቱም ከ1912 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።